የዘፋኙ ልጅ አይደለችም

ይድረስ ደወሌ ላለኸው ባለቤቴ ለማቲዎስ። የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ጅግጅጋ ሆስፒታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

ስልክ ላይ እንዳልጮህብህ ብዬ ነው የምጽፈው። ነርሷ «ያለጊዜዋ ለተወለደች ልጅ የአባቷ ድምፅ ይጠቅማታል፣ ያንጎራጉርላትና ቀድቶ ይላክ» ብትል፣ አንተ «ድምፄ አያምርም» ብለህ የዘፋኝ ዘፈን ትልክልኛለህ? ልጅቷን የወለዳት እሱ ነው እንዴ? እንደኔው ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ይዛ አጠገቤ የተኛችው የካፊያ ባል፣ ባሺር፣ ድምፁ ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና ነው። ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያንጎራጉርለት ግን ልጁ ፀጥ ይላል።

እኔማ እሹሩሩ እላታለሁ። ነርሷ እስከ ትናንት «ይበቃል፣ ልጅቷ ትረፍ» እያለች ታስወጣኝ ነበር። ዛሬ ግን «የፈለግሽውን ያህል እቀፊያት» አለችኝ፤ ወንበርም ራሷ አመጣችልኝ፤ ስታመጣልኝ ግን ዓይኔን ማየት አልቻለችም።

ድምፅህን ዛሬውኑ ላክ። ነገ እንዳትለኝ።

ሦስታችንንም በጤና ያገናኘን።

እናትአለም