ፀሐይ እንዳይመታው

ይድረስ ለወንድምጋሼ፤ ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ካለህበት ይግባልህ። እኛ ደህና ነን።

ለላክህልን ሶላር እግዜር ይስጥልን! ክፍላችን ከውሃ ፓምፕ ጋር አገናኝቶት የትምህርት ቤቱ አትክልት ጠጣ፤ መምህራችን ከእኛ ብሶ ጨፈረ።

እማዬም ልታይ መጥታ ጃንጥላዋን ሶላሩ ላይ ዘረጋችበት። ውሃው ቀጥ አለ። «ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ ነዋ!» ስትል ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ፀሐይ ምግቡ እንደሆነ ሳስረዳት እሷም አብራን ሳቀች።

በማግስቱም መጥታ ዘረጋችበት፤ ዛሬም። ባስረዳኋት ቁጥር እንደ አዲስ ትስቃለች፤ ሳቋ ደስ ሲል!

ምርቃቷማ አያልቅም፤ «ይህን የላከውን ሰው፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ፈጣሪ ይባርከው» ትላለች።

ስትደውል ግን፣ ወንድምጋሼ፣ መጀመሪያ ስምህን ንገራት።

እስክትመጣ እማዬን የምጠብቅልህ፣
ታናሽ እህትህ