የፀጉር ቤታችን አዲስ ፊደላት

ይድረስ ለናፈቅከኝ ልጄ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ እኔ ብቻ ሰሞኑን ትንሽ እነጫነጫለሁ።

አባትህ ከፀጉር ቤቱ በር በላይ በመብራት የሚሠራ ጽሑፍ ካልሰቀልኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ማስታወቂያ ሠሪው ክንድ የሚያክሉ ፊደሎች ቢያሳየው፣ «ይሄንንማ ጉንዳን ያንብበው!» ብሎ መለሰለት። ሰው የሚያክሉ ቢያመጣለት ደግሞ «መብራቱ ደካማ ነው» አለ። ሠሪው ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ትናንት አመሻሹ ላይ ተሰቅሎ በራ። መንገዱ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዓይኑን በእጁ ከለለ። አባትህ ከመንገዱ ማዶ አጠገቤ ቆሞ፣ «ቆይ፣ መቼ ነው የሚያበሩት?» አለኝ።

«አሁን አበሩት» አልኩና እጁን ይዤ አሻገርኩት።

ደንበኞቹ እንደ ድሮው አይሰለፉም። የሚመጡትም «ምላጩ ይቅርብኝ፣ በመቀስ ብቻ» ይላሉ። እሱ ግን እያፏጨ ምላጩን ይስላል። «ልጄ ሲመጣ ጺሙን የምላጨው እኔው ነኝ» ይላል፤ ደስታው ልክ የለውም።

በል ደህና ሁንልኝ፤ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ። ብቻ አደራህን፣ ስትመጣ ተላጭተህ ና።

እናትህ