ሙዚየም በባዶ እግር

ይድረስ ለልጄ ለመቅደላዊት። የዲማው ጊዮርጊስ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ የሰው አገር ብርዱንም ያለዝብልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ቦራዋ ላም ወልዳለች። እኔ ግን ከሰንበቴ ማኅበርተኞቼ ጋር አዲስ አበባን ጎብኝቼ ከመጣሁ ወዲህ ንዴቴ አልበረደልኝም።

የሄድኩት ለአንድ ነገር ነበር። ለቪዛ ስትመላለሺ፣ በቀይ ሽብር የተገደለውን የወንድሜን የተስፋዓለምን ፎቶ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ውስጥ አየሁት ብለሽኝ የለ? እሱን ልይ ብዬ ነው። አስቀድመው ግን ሙዚየም አስገቡን። ሴቶቹ በመስተዋት ውስጥ መስቀልና የብራና መጽሐፍ ቢያዩ ተመልሰው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ከዚያ እያንዳንዱን መስተዋት መሳለም ሆነ ሥራቸው። አስጎብኚዋ “እናቶቼ፣ መስተዋቱን አትንኩ” ብትል ማን ሰምቷት። እኔም “ኧረ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ቀኑ እየመሸ ነው” ብል፣ ጎረቤታችን ኪዳነምሕረት “መስቀል አይተሽ በጫማሽ ልታልፊ ነው?” ብላ ገሠጸችኝ። እኔንም አስወለቁኝ። ስንወጣ ደግሞ ጫማው ሁሉ ተቀላቅሎ ሌላ ፍለጋ። ለእኔ የደረሰኝ የኪዳነምሕረት ነው፤ ሲጠበኝ ዋለ።

መታሰቢያው ሊዘጋ ሲል ደረስን። ወንድሜን አገኘሁት። እኔ አርጅቻለሁ፣ እሱ ያው የተማሪ ቤት ልጅ ነው፤ ግንባሩ ያንቺ ግንባር። ፎቶው ያለበትን መስተዋት ሳምኩት፤ ዘበኛው አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ጫማዬን ማውለቄን ያወቅሁት ወለሉ ሲቀዘቅዘኝ ነው።

እመብርሃን በጥላዋ ትያዝሽ፤ ደግ ሰው አያሳጣሽ። ስትመጪ ሁለታችን ብቻ እንሂድ። ለኪዳነምሕረት ግን እንዳትነግሪያት።

እናትሽ ደስታነሽ