አጥቤ ጨው የሞላሁበት ጠርሙስ

እንዴት ሰነበትሽ ጎረቤቴ? ነፍሷን ይማርና የልጄን ዕቃ ልረከብ ውጭ አገር ትሠራበት ወደነበረው ቤተ ሙከራ መጥቻለሁ።

ባልደረባዋ አንድ የመስታወት ሳህን አሳየችኝ። በአንድ ወገን ቲማቲም የሚያጠወልገው ባክቴሪያ፣ በሌላው የአፈር ሻጋታ አለ። ባክቴሪያው ሳይነካው ኬሚካል ይልክበታል፤ ሻጋታው ወፍራም ቅርፊት ይለብሳል።

«ሞተ?» አልኳት።

«አይ እማማ፣ ተደብቆ ነው። ልጅዎ በአገር ቤት አፈር ልትሞክረው ነበር፤ ‹አፈሩ ጠፋብኝ› አለችን።»

የጠፋባት፣ በጓሯችን ቲማቲሙ የጠወለገ ጊዜ በጠርሙስ ያስቀመጠችው አፈር ነው። ደፍቼ፣ ጠርሙሱን አጥቤ ጨው የሞላሁበት እኔ ነኝ። «ግድ የለም እማዬ» አለችኝ፤ እኔም ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኳት።

አደራሽን፣ የቲማቲሙን መደብ ማንም እንዳይቆፍረው። የምጽፍበት ካርድ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ጨዉንም ከጠርሙሱ ገልብጪልኝ፤ አፈሩን በዚያው እኔው ልልክላቸው ቃል ገብቻለሁ።