የተዘለለችው «ኢራ» እና ሰባተኛው ወንበር

ቀን፦ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋራ የኢንተርኔት ሥራ አዳራሽ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር ኦቦ ጋሩማ ኢፋ
ነቀምቴ

አመልካች፦ ወ/ሪት የምሥራች ሀብተጊዮርጊስ
አድራሻ፦ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ክፍለ ከተማ

ጉዳዩ፦ ከነቀምቴ ሳልወጣ «ሩቅ ሄዳ ትሠራለች» ተብሎ የተወሰደብኝ ሰባተኛ ወንበር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ከሰው አፍ ከሚሰሙት ከራሴ ቢሰሙት የምመርጠው አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። የምሠራለት የውጭ ድርጅት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ «ከተማዎን ይምረጡ» የሚል ዝርዝር አለ። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ፈለግኩ። አዲስ አበባ አለች፣ አዳማ አለች፣ ሐዋሳ አለች፤ ነቀምቴ የለችም። ባዶ ቢተዉት ደግሞ አያሳልፍም። እኔም አዲስ አበባን ነካሁና አለፍኩ። ነቀምቴ ተወልጄ፣ ነቀምቴ ተምሬ፣ ጫማዬን እስከ ዛሬ በነቀምቴ ጭቃ እያበላሸሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በወረቀት የአዲስ አበባ ሰው ሆኜ ኖርኩ። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የነገርኳትም አብረን እንድንስቅ ብዬ ነበር፤ ስቀንም ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን ስለማውቅ ትርጉሙን በአባሪነት አያይዣለሁ። አባቴ የጎጃም፣ እናቴ የጊምቢ ሰው ናቸው። ስስቅ በእናቴ ቋንቋ ነው፤ ሲከፋኝ ግን የሚመጣልኝ የአባቴ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

1. ሥራዬ በኔዘርላንድስ ለሚገኝ ድርጅት ሰዎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲናገሩ የተቀረጸውን ድምፅ እየሰማሁ ቃል በቃል መጻፍ ነው። ይህን ሥራ እስካገኝ ሠላሳ ሰባት ማመልከቻ ልኬአለሁ፤ ለሠላሳ አንዱ መልስ የሚሰጠኝ እንኳ አላገኘሁም። ካገኘሁም በኋላ ቤቴ ሆኜ ስሠራ መብራት ድርግም ባለ ቁጥር የጻፍኩት እየጠፋ፣ አሠሪዎቼ «መስመርሽ አያስተማምንም» ብለው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር እነሱ ዘንድ የለም።

ያዳነኝ ይህ አዳራሽ ነው። የማይቆራረጥ መስመሩና የፀሐይ ባትሪው ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ስለ ወንበር የምከራከርበት ሥራም ባልኖረኝ። ሰባተኛው ወንበር ከተሰጠኝ ከኅዳር 2016 ጀምሮ አሠሪዎቼ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ሙገሳ እንኳ ጽፈውልኛል፤ አትሜ ለእናቴ ሰጥቻት ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

2. በአዳራሹ መዝገብ በእኔ ስም ትይዩ የተጻፈው «ፈጎ ኢራ ሆጄቲ» የሚል ነው፤ ከሩቅ ትሠራለች ማለት ነው። እዚሁ ተቀምጣ፣ ሩቅ ላለ አሠሪ። እርስዎ የሚያውቁትን ቃል የምተረጉምልዎ ጉዳዩ በሙሉ በዚህች «ኢራ» ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። እሷ ከወጣች የሚቀረው «ፈጎ ሆጄቲ» ነው፤ ሩቅ ትሠራለች፣ እዚህ የለችም።

3. አሁን ወደ አዜብ ራጉኤል ልምጣ። አዜብና እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ያደግን ነን። ባለፈው ጥቅምት ሥራ አጥታ ስትጨነቅ ከኦቦ ዱቤ፣ ከበር ጠባቂያችን፣ በርጩማ ለምኜ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ሦስት ወር አስተማርኳት። ማመልከቻዋን አብረን ጻፍን፤ ፈተናዋን ስታልፍ ከእሷ ይልቅ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ፣ ኦቦ ዱቤም «እዚህ ሰው ይሠራል!» ብለው ተቆጥተውኛል።

በትምህርቷ አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ትንንሾቹን ትዘላለች። አንድ ገበሬ «ገበያ አልሄድኩም» ይላል፣ አዜብ «ገበያ ሄድኩ» ብላ ትጽፋለች። ሥራው ተመለሰብን። «አንቺ ልጅ፣ ያልሄደውን ሰውዬ አህያ አስጭነሽ ሰደድሽው!» ብዬ ስቄባታለሁ። እሷም ሳቀችና በቢጫ ወረቀት «ትንሿን ቃል አትዝለይ» ብላ ጽፋ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ አንዲትም ቃል ስትዘል አላየሁም። ክቡርነትዎ ይህን ወረቀት እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

4. ሰኔ 23 ቀን አጎቴ ጊምቢ አረፈ። የአዳራሹ ደንብ ከአምስት የሥራ ቀን በላይ የሚቀር ሰው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ስለሚያዝ የፈቃድ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጽሕፈት ቤቱ ገና ስላልተከፈተ ለአዜብ ሰጠኋት። እሷው ናት ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ይዛ የሸኘችኝ፣ መኪናው ሲንቀሳቀስም በመስኮት «አይዞሽ የምሥሬ፣ ወንበርሽን እኔ አይልሻለሁ!» ያለችኝ። አይታልኛለች።

5. ሐምሌ 2 ቀን ከለቅሶ ስመለስ በሩ ላይ ኦቦ ዱቤ ቆመው አፈጠጡብኝ። «ያ ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ አንቺ እኮ አገር ለቀሻል ተባለ። ሳትሰናበቺኝ?» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ «አዎ ኦቦ፣ ስጦታም አምጥቼልዎታለሁ» ብዬ ገባሁ። ሰባተኛው ወንበር ላይ አዜብ ተቀምጣለች። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አላወለቀችም። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ቢጫዋ ወረቀት እንደተለጠፈች ነበረች።

6. ወንበር የሚደለድለው የአዳራሹ ኮሚቴ ሐምሌ 1 ቀን የወሰነው አዜብ ሰኔ 30 ቀን ጽፋ በፈረመችው የምስክርነት ቃል ላይ ተመሥርቶ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ወረቀቱን አሳይተውኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። «የምሥራች ፈጎ ሆጄቲ» ይላል። ከሥሩም «የሥራ መዝገቧ ላይ ከተማዋ አዲስ አበባ ተብሎ ተጽፏል» የሚል ተጨምሯል። አብረን የሳቅንባት ያቺ ምስጢሬ ማስረጃ ሆና ከእኔ ቀድማ ቢሮ ገብታ ተቀምጣለች። ወንበሩም በተጠባባቂዎች ተራ መሠረት ለቀጣዩ ሰው ተሰጠ። ቀጣዩ ሰው አዜብ ናት።

በኮሚቴው አልፈርድም። የጠፋ ሰው፣ የተፈረመ ወረቀት፣ አዲስ አበባ የሚል መዝገብ ቢቀርብልኝ እኔም ይህንኑ እወስን ነበር።

7. አዜብን ጠየቅኳት። ስለ ፈቃድ ማመልከቻዬ «ውይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼው» አለች። ስለ ምስክርነቱ «ቸኩዬ ነው፣ ኢራ ተዘለለችብኝ፣ አንቺ ደግሞ በአንዲት ቃል!» አለች። እያንዳንዱ ለብቻው ቢደርስብኝ እምላለሁ ይቅር እላት ነበር። ሰው ይረሳል፣ ሰው ይቸኩላል። መርሳቷና መቸኮሏ ሲደመሩ ግን ወንበር ሆኑ። ደግሞስ ሦስት ወር ሙሉ «ትንሿን አትዝለይ» ስላት የኖርኳትን ልጅ በየትኛው አንደበቴ ስህተት ነው ልበላት?

8. ሩቅ አለመሄዴን ለማስረዳት ጎረቤቴ አዴ ሎሚ ለምስክርነት ይቀርባሉ። ሩቅ ሄዳለች መባሉን ስነግራቸው «ሩቅ? ይህቺ ልጅ? ግድግዳችን አንድ ነው እኮ! ጠዋት ስታስነጥስ ይማርሽ የምላት እኔ ነኝ!» ብለው የሰፈሩን ሰው ሁሉ በር ላይ አውጥተውታል። በሰኔ የቀበርነውም አጎቴን ነው፤ ከጊምቢ የቀብር ቦታ የእድር ደብዳቤ አያይዣለሁ።

9. ጉዳዩን የሚያስቸኩለው ይህ ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ የሠራተኛውን መስመር ይፈትሻል፤ የእኔ ቀን ሰኞ ሐምሌ 28 ነው። አራት ሰዓት ሳይቋረጥ መሥራት አለብኝ። ከወንበሬ ከተነሳሁ ወዲህ ቤቴ ሆኜ ለመሥራት ሞክሬ ባለፈው ሳምንት ብቻ መብራት አምስት ጊዜ ሄዶብኛል። በዚያ ቀን አንዴ ከሄደ ሥራው አለቀ። ሠላሳ ስምንተኛ ማመልከቻ ለመጻፍ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አቅሙ የለኝም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. ውሳኔው እኔና አዜብ ራጉኤል ባለንበት፣ አዴ ሎሚም ተሰምተው እንደገና እንዲታይልኝ፤

ለ. ይህ እስኪሆን ለሐምሌ 28 ቀን ብቻ የትኛውም ወንበር፣ የኦቦ ዱቤ በርጩማም ብትሆን፣ መስመሩ አጠገብ እንዲፈቀድልኝ፤

ሐ. ምስክርነቱ ስህተት ነው ከተባለም የተዘለለችውን «ኢራ» ሌላ ጸሐፊ እንዳይጨምራት፣ አዜብ ራሷ በእጇ፣ እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ እንድትጽፋት።

አዜብ ከአዳራሹ እንድትባረር አልጠይቅም። እናቷን የምትጦረው እሷ ናት፤ የሥራ ፈተናዋንም ያለፈችው በራሷ ጭንቅላት ነው። በርጩማዋ ከሰባተኛው ወንበር አጠገብ አሁንም አለ። ከዚያ በርጩማ ላይ እንደ ድሮው ትከሻዋ ትከሻዬን እየነካ ልቀመጥ እችል እንደሆነ ግን ዛሬ አላውቅም። ይህን ጽሕፈት ቤቱ ሊወስንልኝ አይችልም።

በመጨረሻ፣ ሌላውን ስለ ዘለለው ቃል ከስሼ የራሴን ውሸት ይዤ መቀመጥ ስላልሆነልኝ፣ ዛሬ ጠዋት ለአሠሪዎቼ ጽፌላቸዋለሁ። አዲስ አበባ እንዳልሆንኩ፣ የምኖረው ነቀምቴ እንደሆነ፣ ዝርዝራቸው ላይ ነቀምቴን እንዲጨምሩልኝም ጭምር። ሊያስወጡኝ ይችላሉ፤ ደንባቸው የተሳሳተ አድራሻን አይወድም። መልሳቸው በደረሰኝ ቀን፣ «ደግ አድርገሽ ነገርሽን» ቢሉም «ደህና ሁኚ» ቢሉም፣ አትሜ ይዤ እዚሁ ቢሮዎ እቀርባለሁ፤ ከዚህ አቤቱታ ጋር ፋይል ይደረግልኝ። ነቀምቴን ጨምረዋት ከሆነ ደግሞ ከእርስዎ ቀድሜ የማሳየው ለኦቦ ዱቤ ነው፤ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ ብለው አሁንም አኩርፈውኛል።

ለሚሰጡኝ ጆሮ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከሰላምታና ከአክብሮት ጋር፣

የምሥራች ሀብተጊዮርጊስ
(ፊርማ)
ነቀምቴ፣ ካለሁበት

አባሪ፦ የአቤቱታው ትርጉም በአፋን ኦሮሞ፤ ከጊምቢ የእድር ደብዳቤ፤ ለአሠሪዎቼ የጻፍኩት ደብዳቤ ግልባጭ

ግልባጭ፦ ለወ/ሪት አዜብ ራጉኤል፣ ሰባተኛው ወንበር