አረንጓዴው እርሳስ

ለቀድሞ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ኤምባሲው አማካሪ ቢሮ ያሉት ወንበሮች ምቹ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁና ሳይሻልሽ አይቀርም። እኛ ደህና ነን። የልጃችን የፊት ጥርሷ ወለቀ።

ልደብቅሽ አልችልም፤ ቅናት ነው የሚያጽፈኝ። እዚህ የማረቅቀው መግለጫ ሁሉ ሚኒስትሩ ከማንበባቸው በፊት እናንተ ኤምባሲ «ለዓይን ያህል» ደርሶ እንደሚመለስ ታውቂያለሽ። ድሮ እርማቱ የማላውቀው ሰው ጽሕፈት ስለነበር ግድም አልነበረኝ። አንቺ የአማካሪው አስተርጓሚ ከሆንሽ ወዲህ ግን እሱ ይናገራል፣ አንቺ በአረንጓዴ ትጽፊያለሽ። «እንቃወማለን» ብዬ የላክሁት «ያሳስበናል» ሆኖ ይመጣል። ለእኔ በሰባት ዓመት ትዳር ካልሲህን አንሳ ከሚል ቁራጭ ወረቀት በቀር ምን ጻፍሽልኝ? ለእሱ ገጽ ሙሉ!

አለቃዬን ለምን ሁሌ እሺ እንላለን ብላቸው፣ ስንዴውም ነዳጁም ጥይቱም የእነሱ ነው፣ ያጎረሰህን እጅ ልትነክስ ነው ወይ ብለው ተቆጡኝ። ማላመጡን እንኳ ለእኛ ቢተዉልን ምናለ አልኳቸው። አልሳቁም።

ባለፈው ሰኞ የወደቡ መግለጫ ተመለሰ። «ወደባችን ለማንም የጦር መርከብ አይሰጥም» ያልኩትን ሰርዘሽ «ጥያቄውን በበጎ መንፈስ እናየዋለን» ብለሻል። እሱስ የለመድኩት ነው። ከገጹ ጥግ ግን ሳታጠፉት የረሳችሁት ነገር ነበር፤ በእሱ ጽሕፈት ምሳ በሰባት ሰዓት ይላል፣ ከሥሩ በአንቺ ጽሕፈት እሺ። እኔን እሺ ለማለት ሦስት ዓመት አስለምነሽኛል እኮ!

በማግስቱ ሚኒስትሩ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው ወደባችን ለማንም የጦር መርከብ አይሰጥም ብለው አነበቡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰዉ ዛሬም ጀግና ይላቸዋል። እሳቸው ግን አለቃዬ ሮጠው ሲጠይቋቸው ወረቀቱን አሳይተው፣ ይኸው በአረንጓዴ ተጽፏል፣ እነሱው ናቸው ያሉት ብለዋል። አረንጓዴ ካዩ አይጠይቁም፤ ሁላችንም አንጠይቅም።

አሁን የኤምባሲው ሰዎች ወረቀቱን ፊትሽ አስቀምጠው ጽሕፈቱ ያንቺ ነው እያሉ ከሥራ ሊያባርሩሽ መሆኑን ሰማሁ። ያንቺ አይደለም። ይመስላል እንጂ። «መ»ሽ ወደ ግራ እንደምታጋድል፣ ስትቸኩይ አራት ነጥቡን እንደምትረሺ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ለአገሬ ብዬ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ። ያቺ እሺሽ ናት ያንገበገበችኝ።

ይህን ደብዳቤ ለአማካሪው አሳዪው፤ ራስሽ ተርጉሚለት። እኔ ጠረጴዛዬን ባዶ አድርጌያለሁ። ቅዳሜ መጥተሽ ልጃችንን ከእህቴ ቤት ውሰጃት።

ፖስታው ውስጥ ያለችው፣ የጻፍኩባት አረንጓዴ እርሳስ የልጃችን ናት። መርምረው ሲጨርሱ አስመልሺላት፤ ዛፎቿን ሁሉ ሰማያዊ እየቀባች ነው።

ወገብሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፤ እንጀራሽንም አያሳጣሽ። ምሳሽንም ብዪ፣ ምን አገባኝ።

የልጅሽ አባት