ባክቴሪያው አልሞተም ያሉት እህታችን

እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ከሰፈራችን ዳቦ ቤት ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆኑ እኛ ታናናሾቻቸው እስከ ዛሬ «እትዬ» እንላቸዋለን። በልጅነታቸው ጥያቄ ያበዙ ስለነበር አባታችን «ይቺ ልጅ መርፌን እንኳ ለምን ቀጠንሽ ብላ ታፋጥጣለች» እያሉ ይስቁ ነበር።

በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተምረው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በማይክሮባዮሎጂ እስከ ዶክትሬት ዘለቁ። ከዚያም በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጥረው፣ ማቀዝቀዣው ሲያጓራ በሚውልበት ላቦራቶሪ እስከ ጡረታ ሠሩ። የሥራ ባልደረባቸውን አግብተው ወንድና ሴት ልጅ ያፈሩትም እዚያው እየሠሩ ነው።

ባልና ሚስቱ ያጠኑ የነበረው አንድ የባክቴሪያ ኢንዛይም ነው። ሴል ፕሮቲን ሲሠራ ጥሬ ዕቃውን ተሸክሞ የሚያቀርብ አርኤንኤ የሚባል ሞለኪውል አለ። ኢንዛይሙ በዚህ ተሸካሚ ላይ ትንሽ ኬሚካል ይለጥፍበታል፤ ልጥፏ ከሌለች የፕሮቲኑ አሠራር መመሪያ ሲነበብ ንባቡ ይንሸራተታል፣ ፕሮቲኑም ይበላሻል። ባለቤታቸው ስማቸው የተጠራው፣ ኢንዛይሙን ያጣ ባክቴሪያ ይሞታል ብለው በመጻፋቸው ነበር። ኢንዛይሙን አግዶ ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት ይገኛል ተብሎም ትልቅ ተስፋ ተጥሎበታል።

እትዬ ሙከራውን ሲደግሙት ግን ባክቴሪያው አልሞተም። እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይበቅላል። ደግመው ቢሞክሩም ያው ሆነ። ጭንቀታቸውን ለእናታችን አወሩ። እናታችን ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ በዓይን ለማይታይ ተባይ ብለሽ ትዳርሽን አታፍርሺ» ብለው መከሯቸው።

እትዬም «እማዬ፣ ዝም ካልኩማ ያኔ ነው የሚፈርሰው» አሉ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ባለቤታቸውን «ያንተ ባክቴሪያ አልሞተም። ና፣ ራስህ እየው» አሏቸው። ባለቤታቸው አኮረፉ።  ከሳምንታት በኋላ ግን ባለቤታቸው ሙከራውን በገዛ እጃቸው ሠሩት። በተቋሙ ጉባኤ ላይም ቆመው «ተሳስቻለሁ። ያረመችኝ ባለቤቴ ናት፤ እቤትም የምታርመኝ እሷው ናት» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ብቻ አልሳቁም፤ መሐረባቸውን አውጥተው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው፣ ኢንዛይሙ የሌለው ባክቴሪያ ባይሞትም ሙቀት ሲበረታበት እንደሚሸነፍ አሳዩ። መድኃኒቱ እስካሁን አልተሠራም። እትዬ ስለዚህ ሲጠየቁ «በሐሰት ላይ ከሚሠራ፣ ቀስ ብሎ ይምጣ» ይሉ ነበር። ያስተማሯቸው ወጣቶች ዛሬም ያንኑ ሥራ ይዘዋል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ባለቤታቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ተማሪዎቻቸው የላኩትን አዲስ ጥናት ያነቡላቸው ነበር። እትዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «እዚች ጋ ድገመው» አሉ። ባለቤታቸው ቀስ ብለው ደገሙት። ቀና ሲሉ እትዬ አርፈዋል። ባለቤታቸው ግን ወረቀቱን አላስቀመጡም፤ የቀረችውን አንብበው ጨረሱላቸው።

እትዬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውም ባዶውን ቤት የሚችሉበት ብርታት ይስጥልን።